ምን አለኝና

ሁሪያን ዋሽታ እንድትናገር የመከርኳት እኔ ነኝ። አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ። ኋላ ሌላ ሰው ነግሯችሁ "ወይንሸት ይህን ደብቃን ነበር" እንዳትሉ።

መርሳ ገበያ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ካለው የቆርቆሮ ሼድ ሥር፣ የእኔና የሁሪያ መደብ ጎን ለጎን ነበር። እኔ ሽንኩርትና በርበሬ እሸጣለሁ፤ እሷ ጨርቅ ትሸጣለች። የቀሚስ ጨርቅ፣ ሻሽ፣ ሂጃብ፣ ለሙሽራ የሚሆን የሚያብረቀርቅም አላት። አሥራ አንድ ዓመት ጎረቤት ነበርን። የእኔ በርበሬ እየቦነነ ጨርቋ ላይ ሲያርፍ ታስነጥሳለች፣ ትራገማለች፣ ከዚያ ራሷ ትስቃለች። ስሜን አሳጥራ "ወይኔ" ነበር የምትለኝ። ገበያ መሀል "ወይኔ! ወይኔ!" ብላ ስትጣራ ከገጠር የመጣችው ገዢ ሁሉ ሰው የሞተባት መስሏት ትደነግጣለች። "ኧረ በሞቴ በሙሉ ስሜ ጥሪኝ" ስላት፣ "እናትሽ ሲያወጡልሽ ያላሰቡትን እኔ ላስብልሽ?" ትለኛለች።

ባሏ አብዱልጀሊል የአይሱዙ ሾፌር ነበር። መኪና ተገልብጦበት ሲሞት ልጃቸው ዙልፋ ገና ሦስት ዓመቷ ነው። ሁሪያ ያን ጊዜ ምን ይዛ ወደ ገበያ እንደ ወጣች ታውቃላችሁ? የጥሎሿን ልብስ። ሳትለብሰው ተጣጥፎ የቆየውን አውጥታ፣ መሬት ላይ ማዳበሪያ አንጥፋ፣ ሸጠችው። በዚያ ገንዘብ ከደሴ ጨርቅ አመጣች፤ ሁለተኛ ባል ሲያመጡላት "እኔ መደቤን አግብቻለሁ" ብላ መለሰቻቸው።

ጨርቅ በክንድ ነው የምትለካው። ክንዷ ደግሞ አላህ ያደላት ረጅም ነው። ለክታ ስትጨርስ አንድ ስንዝር ምርቃት ትጨምራለች። ለዚያች ክንድና ለዚያች ስንዝር ሲሉ ከሲሪንቃ፣ ከውርጌሳ፣ ከዚያም በላይ ካለው ደጋ ሴቶች እየተጠራሩ ይመጡ ነበር። ሱቅ ሁሉ ሜትር አለው፤ ሴቶቹ ግን "ሜትር ሆድ የለውም" ይላሉ።

በ2013 ግንቦት ላይ ነው ነገሩ የጀመረው። በሰሜን ጦርነቱ ሰባተኛ ወሩን ይዟል። አስፋልቱ ላይ ወታደር የጫነ መኪና ወደ ላይ ሲወጣ ይውላል። እኛም "ጦርነቱ እዚያ ነው፣ እኛ እዚህ ነን" እያልን ሽንኩርታችንን እንመርጣለን። ሞኝነት ነው፤ ግን ሌላ ምን እንል ነበር?

በዚያው ሰሞን ሼዳችን ባለበት ቦታ ላይ ባለ አራት ፎቅ የገበያ ማዕከል ሊሠራ ነው የሚል ወሬ መጣ። ባለሀብቱ ከሩቅ ነው፣ ማንም አላየውም። ከታች ሱፐርማርኬት፣ ከላይ የልብስ መደብር፣ ደግሞ የሚንቀሳቀስ ደረጃ አለው አሉ። "መርሳ ላይ የሚንቀሳቀስ ደረጃ! መብራት ሲጠፋ ሰውየው መሀል ላይ ቆሞ ሊቀር ነዋ" አለ ጫማ ነጋዴው ሙባረክ። ሳቅን። ሙባረክ እንዲህ ነው፤ ወሬው ሁሉ የተጋነነ፣ የሚሸጠው የፕላስቲክ ጫማ፣ የሚያወራው እንደ አስመጪ።

ከዚያ ዳዊት መጣ። ደብተር የሚያህል ስልክ የያዘ፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ትሑት ልጅ ነው። የማዕከሉ ኮሚቴ የቀጠረው አጥኚ ነኝ አለን። "ማዕከሉ ቢከፈት እናንተ ላይ ምን ጉዳት፣ ምን ጥቅም እንደሚያመጣ ነው የማጠናው። ለግብር አይደለም" አለ።

ወይ የእናቱ ልጅ! ይህችን ባይጨምር ምን ነበረበት? ለግብር የመጣ ሁሉ "ለግብር አይደለም" ብሎ ነው የሚጀምረው። የቀን ገቢ ግምት በመጣበት ዓመት ያየነውን አይተናል። ስንት ሱቅ ነው የተዘጋ! ከዚያ ወዲህ ወረቀት የያዘ ሰው ሲመጣ መርሳ ገበያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይደኸያል።

ልጁ ገና በወዲያኛው ረድፍ እያለ ወደ ሁሪያ ጆሮ ጠጋ አልኩ። "ዝቅ አድርገሽ ተናገሪ።"

"ወላሂ ወይኔ፣ ረመዳን ከወጣ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው፣ ውሸት ታስጀምሪኛለሽ?"

"ውሸት አይደለም፣ ጥንቃቄ ነው። ዙልፋን የሚያሳድግልሽ እውነትሽ ነው ወይስ ጨርቅሽ?"

የጨርቁን ጫፍ ማጠፍ ጀመረች። ዳዊት ደረሰና በርጩማ ላይ ተቀመጠ። በገበያ ቀን ምን ያህል እንደምትሸጥ ጠየቃት። አምስት ስድስት ሺህ ብር የምትሸጠው ሴት፣ ፊቷ ቲማቲም መስሎ፣ "ሦስት መቶ" አለች። ልጁ ከጀርባዋ የተቆለለውን ጨርቅ ቀና ብሎ አየና "እናቴ፣ ይህ ሁሉ በሦስት መቶ ብር ሽያጭ ስንት ዓመት ይፈጃል?" አላት።

ሁሪያ ተንተባተበች። እኔ ዘልዬ ገባሁ። "የሰው ነው፣ አደራ ነው የተቀመጠባት!" አልኩት። ማን ጠየቀኝ? ማንም።

ከእርስዎ ጋር የሚሠራ ሰው አለ ወይ አላት። የለም አለች። ቀሚሱን የሚሰፋላት የታደሰ ስፌት መኪና አምስት እርምጃ ርቆ ሲንቀጫቀጭ ይሰማል! ከእሷ በጅምላ ወስደው ሲሪንቃ መንገድ ዳር የሚሸጡት ሦስት ሴቶችም አሉ። ሁሉንም ዋጠቻቸው። በመጨረሻ ልጁ እንዲህ አላት፦ "ማዕከሉ ሲከፈት እርስዎ ምን ያጣሉ?"

ሁሪያ ሻሿን ወደ አፏ ሳብ አደረገች፣ "ምን አለኝና አጣለሁ?" አለች።

ይህ እኮ አገሬው ሁሉ የሚለው ነው። ጎተራው ሞልቶ ከብቱ በረት የጠበበው ሰው እንኳ "እንዴት ሰነበትክ" ሲባል "ምን አለኝ፣ እሱ አይጣለኝ" ነው መልሱ። አለኝ ብሎ የሚናገር ማን ነው? ዓይን ይበላዋላ! ዳዊት አማርኛ ያውቃል፤ አማርኛችንን ግን አልሰማም። ያለችውን እንዳለችው ጻፈው።

ወደ እኔ ሲዞር በቀን ሰማንያ ብር አልኩት፣ ያውም ከቀናኝ። ሁሉም እንዲሁ አለ። ሙባረክ ብቻ "በቀን ሃያ ሺህ፣ አንዳንዴም ሠላሳ" ብሎ ደረቱን ነፋ። ያን ቀን እስከ ማታ ሳቅንበት።

ሰኔ ላይ አዳራሽ ተጠራን። ጥናቱ ተነበበ። አንባቢው የኮሚቴው ጸሐፊ ዓለምነህ ነው፣ ድምፁ እንደ ዲያቆን ያምራል። ከመቶው ነጋዴ ሰማንያ ሰባቱ የሚያጡት ገቢ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም አለ። ማዕከሉ በአካባቢው ንግድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አነስተኛ ነው አለ። "አንዲት የጨርቅ ነጋዴም የሚያጡት ነገር እንደሌለ በራሳቸው አንደበት ገልጸዋል" ሲል የሁሪያ እጅ ጉልበቴን ጨመቀው። ጥፍሯ ገባ። በማዕከሉ ምድር ቤት ምትክ ሱቅ የሚያገኙት ገቢያቸው ከፍ ያለው ብቻ ናቸው ተባለ። ከእኛ ረድፍ ማን አገኘ? ሙባረክ!

ያን ጊዜ ነው ያደረግነው የገባን። ወረቀቱ ላይ ያለው ገበያ የእኛ ገበያ አይደለም። የውርጌሳዋ ሴት የሁሪያን ክንድ ብላ ስትመጣ ባዶ እጇን አትመጣም፤ ዶሮ ይዛ ትመጣለች። ዶሮዋን ሸጣ ጨርቁን ትገዛለች፣ ታደሰ ይሰፋላታል፣ እስኪሰፋ ሻይ ትጠጣለች፣ ስትመለስ ከእኔ ሽንኩርት ትይዛለች፣ በባጃጅ ትሄዳለች። ያቺው አንድ ብር ገበያውን ዞራ ዞራ ነው ከመርሳ የምትወጣው። ሱፐርማርኬቱ ጋ ከገባች ግን በዚያው ወደ ባለሀብቱ አገር ናት። ሁሪያን ከመሀል ብትመዝዟት ሁላችንም እንደ ሹራብ ክር ተተርትረን እናልቃለን። ይህን ሁሉ እናውቅ ነበር። ጠይቆን ነበር። አልነገርነውም።

ሁሪያ በማግስቱ ብቻዋን ኮሚቴው ዘንድ ሄደች። "ዋሽቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ፣ እውነተኛውን ጻፉልኝ" አለቻቸው። እኔ ብሆን ምላሴ ይደርቅ ነበር። ዳዊት ሥራውን አስረክቦ ሄዷል። ዓለምነህ ግን ክፉ ሰው አይደለም፣ ቅጽ አወጣላት። ሁለት የገበያ ጎረቤት ሽያጭሽን አይተናል ብለው ይፈርሙ፤ ምስክሮቹም የራሳቸውን ትክክለኛ ሽያጭ ከፊርማቸው ሥር ይጻፉ አላት።

ሙባረክ ዘንድ ሄደች። ያ ዋሾ፣ ያ ጉረኛ፣ ቅጹን ጭኑ ላይ አድርጎ ፈረመ። ከሥሩም "በቀን ስድስት መቶ ብር" ብሎ እውነቱን ጻፈ። ምድር ቤት የደረሰውን ሱቅ የሚያሳጣው መሆኑን እያወቀ! "ምን ላርግ፣ ክንድሽ ከሌለ ጫማዬን ማን ሊገዛኝ ይመጣል?" አላት።

ከዚያ ወደ እኔ መጣች። "ወይኔ፣ አንቺ ነሽ የቀረሽው።"

"ነገ" አልኳት።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ፈራሁ። ሰማንያ ብር ብዬ ሁለት ሺህ ብል ኋላ ያለው ግብር ሁሉ ይቆጠርብኛል ብዬ ፈራሁ። ሁለት ክፍል ቤት ሠርቻለሁ፣ ልጄ ወልድያ ኮሌጅ ይማራል፤ ይህ ሁሉ በሰማንያ ብር ተሠራ ልል ነው? በማግስቱ ራሴን አመመኝ። ከዚያ ባሌ ፈንታው አይሆንም አለኝ ብዬ በእሱ አሳበብኩ። ፈንታው ስለ ጉዳዩ ሰምቶም አያውቅ። ሁሪያ አልተቆጣችም። በየጠዋቱ ቅጹን በፌስታል ይዛ ትመጣለች፣ ታየኛለች፣ መልሳ ከጨርቁ ሥር ታስገባዋለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐምሌ ገባ። ከቆቦ በኩል ፍራሽ የጫነ ጋሪ፣ ልጅ ያዘለች ሴት፣ ፍየል የሚነዳ ሽማግሌ በአስፋልቱ ይወርድ ጀመር። "ወዴት ነው አባባ?" ብለን አንዱን ሽማግሌ ብንጠይቃቸው "ፊታችን ወደ መራን" አሉና አለፉ። የእኛ ሰው ስኳርና ዘይት ይሸምታል፣ ጨርቅ የሚገዛ የለም። ሽንኩርት በእጥፍ ተሸጠልኝ። ደስ አለኝ፤ ከዚያ ደስ ስላለኝ ራሴን ጠላሁት።

በወሩ መጨረሻ ሼዱ ምሰሶ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ማዕከሉ ከመጀመሩ በፊት በነሐሴ የመጀመሪያው ሳምንት በየመደቡ ቆጠራ ይደረጋል፤ በቦታው ያልተገኘ መብቱን እንደተወ ይቆጠራል ይላል። ዓለምነህ ሁሪያን ለብቻ ጠርቶ "ሁለተኛ ምስክር ካላገኘሽ በቆጠራው ቀን ከነሙሉ ዕቃሽ ተገኚ፣ በዓይናችን አይተን እንመዘግብሻለን። ሌላ መንገድ የለሽም" አላት። ይህን ስትነግረኝ እያየችኝ ነው። እኔም ሽንኩርቴን እመርጥ ነበር።

በማግስቱ "ወልድያ ገቡ!" የሚል የሐሰት ወሬ ተነሳና ገበያው ተበተነ። ግማሻችን እስከ ውርጌሳ ሸሸን። ከሰዓት ወሬው ውሸት መሆኑ ተሰማ፣ ተመለስን። ስንመለስ ሦስት መደብ ላይ በቀይ ጠመኔ ተሰርዟል። ቆጣሪዎቹ በዚያው በግርግሩ መሀል የሙከራ ቆጠራ ብለው መጥተው ሄደዋል! የሦስቱ ባለቤቶች ሄደው ለመኑ፤ "አልተገኛችሁም" ተባሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሁሪያ ያን ቀን አልሸሸችም ነበር፣ መደቧ ንጹሕ ነው። ጠመኔውን ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችው።

ነሐሴ በገባ በአራተኛው ቀን ጠዋት ወሬው ውሸት አልነበረም። ከወልድያ በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ ይመጣል፤ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። የመንግሥት ቢሮዎቹ ተዘግተዋል፣ ዓለምነህም ሌሊቱን ወጥቷል አሉ። ሽንኩርት የሚያመጣልኝ ሰውዬ አይሱዙውን ሼዱ ፊት አቁሞ "ወይንሸት፣ ከወጣሽ አሁን ውጪ!" ብሎ ጮኸ። ፈንታው ዕቃችንን ጭኗል። ወደ ሁሪያ ዞርኩ። አንድ ሳይቀር ጨርቋን ሁሉ አውጥታ ዘርግታለች። የሙሽራው እንኳ ተሰቅሏል። ገበያው ውስጥ ሌላ ሰው የለም።

"አብደሻል? ተነሽ!"

"ቆጠራ ላይ ነኝ" አለችኝ።

"ማን ሊቆጥርሽ? አገሩ ሁሉ ወጣ እኮ!"

"ባለፈውስ በምን መጡ? በግርግር አይደል? ሳምንቱ ገና ሦስት ቀን ይቀረዋል። ወረቀቱም ይኸው አልተነሳም።" ወደ ምሰሶው አሳየችኝ። እውነትም አልተነሳም።

"አሁን እፈርምልሻለሁ! ስጪኝ ቅጹን፣ በሞቴ ስጪኝ!" እጄን ዘረጋሁ። እያለቀስኩ ነው።

ሳቀች። በአምላክ፣ ሳቀች። "ፈርመሽ ለማን እንሰጠዋለን ወይኔ? የሚቀበል የለም። ያን ጊዜ ነበር እንጂ።" ከዚያ ዙልፋን ከጨርቁ ጀርባ ጠራቻት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ የእናቷን ክንድ ወርሳለች። ትንሽ ቦርሳ አሸክማ እጇን በእጄ ላይ አስቀመጠችው። "ልጄን ያዢልኝ። እኔ ስቆጠር እመጣለሁ። አብሽሪ፣ አይዞሽ።"

ልጅቷ አልሄድም ብላ ጮኸች፤ ፈንታው ተሸክሞ ጫናት። መኪናው ሲዞር ወደ ኋላ አየሁ። ሁሪያ በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብላለች፣ ቀጥ ብላ፣ ክንዶቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሰው የሚቆጥራት ይመስል።

ይህን የምነግራችሁ ደሴ ሆኜ ነው። ጥቅምት ገብቷል። ከአርባ ሰው ጋር በአንድ የትምህርት ቤት ክፍል ነው የምንኖረው። መርሳ ስልክ አይሠራም። ልጄ ከወልድያ በእግሩ አምልጦ እዚሁ አግኝቶኛል፣ ተመስገን፤ የዙልፋ እናት ግን የለችም። ከእኛ በኋላ የወጣ አንድ ባለጋሪ "ሼዱ ውስጥ አንዲት ሴት ጨርቅ ዘርግታ ተቀምጣ ነበር፣ ተይ ብላት አልሰማችኝም" አለን። ከዚያ ወዲህ ያያት ሰው አላገኘሁም። መሣሪያው ደግሞ ሰሞኑን እዚህም ይሰማል፤ ሰው ቦርሳውን ሳይፈታ ነው የሚተኛው።

ዙልፋ ስለ ቅጹ ታውቃለች። እናቷ ሁለተኛው ምስክር አልፈርምም እንዳላት ነግራታለች፤ ማን እንደሆነ ግን አልነገረቻትም። ስትጠይቃት "አንድ ሰው ነው፣ ተይው" ነው ያለቻት። ሁሪያ እንዲህ ናት።

ትናንት ዙልፋ ዐስር ሰግዳ ስትጨርስ መዳፏን ከፍታ አጠገቤ ተቀመጠች። ለእናቷ ዱዓ አደረገች። ለእኔም አደረገች፣ "እትዬ ወይንሸትን እንደ እናት የሰጠኸኝ፣ ዕድሜ ስጣት" አለች። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። "እናቴን ያስቀረብኝን ያን ሰው፣ ያ ረቢ፣ የእጁን ስጠው። ልጁን አሳጣው። መግቢያ አሳጣው።"

ዱዓ ሲደረግ አጠገብ ያለ ሰው ዝም አይልም፤ ወሎ ላይ ነውር ነው። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ፣ ትጠብቀኛለች።

"አሜን" አልኳት።